ቴሎሜር፦ ማጠሩም መርዘሙም ዋጋ ያስከፍላል

ስለ ቴሎሜር በየቦታው የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። በክሮሞሶሞቻችን ጫፍ ላይ ያለው ቴሎሜር ከዕድሜ ጋር እያጠረ ይሄዳል፤ የምናረጀውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ቴሎሜርን የሚያረዝም ነገር ቢገኝ እርጅናን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ከሦስቱ አባባሎች የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። ሦስተኛው ግን ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጤናውንም ሊያጣበት የሚችል ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም የቴሎሜር ማጠር ሰውነታችን ካንሰርን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ይህን ሳያነሱ ስለ እርጅናው ብቻ ማውራት የታሪኩን ግማሽ ደብቆ መንገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። እያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ስላለው በድምሩ 92 ጫፎች ይሆናሉ። ጫፍ መኖሩ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይመስላል፤ ለሕዋሱ ግን የአደጋ ምንጭ ነው። ዲኤንኤ በጨረር ወይም በኬሚካል ሲበጠስ የተበጠሰውን ጫፍ ፈልገው ካገኙት ሌላ ጫፍ ጋር የሚያያይዙ የጥገና ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህ ፕሮቲኖች የክሮሞሶምን ተፈጥሯዊ ጫፍ እንደ ስብራት ቆጥረው አንዱን ክሮሞሶም ከሌላው ጋር ቢያጣብቁት፣ ሕዋሱ ሲከፈል የተጣበቁት ክሮሞሶሞች በሁለት አቅጣጫ ተጎትተው ይቀደዳሉ። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ክሮሞሶሞች ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፦ የተሰበሩ ጫፎች ይጣበቃሉ፣ ይቀደዳሉ፣ እንደገና ይጣበቃሉ፤ ተፈጥሯዊዎቹ ጫፎች ግን እንዲህ አያደርጉም። ሄርማን ሙለርም ኤክስሬይ ያረፈባቸውን የፍራፍሬ ዝንቦች ሲያጠኑ ተመሳሳይ ነገር አስተውለው፣ በ1938 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ጫፉን ቴሎሜር ብለው ሰየሙት።

ቴሎሜሩ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ግን ሌላ 40 ዓመት ጠየቀ። በ1978 ኤሊዛቤት ብላክበርንና ጆሴፍ ጎል በዬል ዩኒቨርሲቲ ቴትራሂሜና የተባለች፣ በኩሬ ውሃ ውስጥ የምትኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት መረጡ። ምርጫው ብልህነት ነበረበት፤ ይህች ፍጥረት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ክሮሞሶሞች ስላሏት ለምርመራ የሚሆን ጫፍ እንደ ልብ ይገኝባታል። ያገኙት ነገር እጅግ ቀላል ነው፦ ስድስት የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት አንድ ቅደም ተከተል ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ተጽፏል። በሰው ቴሎሜር ውስጥ የሚደጋገመው ቲቲኤጂጂጂ ነው። በሺዎች ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ለፕሮቲን ሥራ የሚሆን ትእዛዝ አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ጥቂቱ ቢጎድል ሕዋሱ የሚያጣው መመሪያ የለም። የዲኤንኤው ጫፍ ወደ ኋላ ታጥፎ በራሱ ውስጥ ይሸጎጣል፤ ሼልተሪን በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ስድስት ፕሮቲኖችም ይሸፍኑታል። ጫፉ በዚህ መልክ ስለሚደበቅ የጥገናዎቹ ፕሮቲኖች እንደ ስብራት አይቆጥሩትም።

እስከዚህ ድረስ ስለ ዕድሜ ምንም አልተነሳም። የዕድሜው ጉዳይ የተነሳው በሌላ በር ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሳይንቲስቶች ከሰውነት ውጭ የሚራባ ሕዋስ ምግብ እስካገኘ ድረስ ለዘላለም መከፈል ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። እምነቱ የተመሠረተው በኖቤል ተሸላሚው አሌክሲስ ካረል ሥራ ላይ ነው። ከ1912 ጀምሮ በቤተ ሙከራ የተያዘው የጫጩት ልብ ህብረ ሕዋስ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ ተባለ። ሌሎች ሊደግሙት አልቻሉም፤ ነገር ግን ከአንድ ታላቅ ስም ጋር መጋጨት ስለከበደ እያንዳንዱ ስሕተቱን በራሱ ላይ ፈለገ። በ1961 በፊላደልፊያ የሚገኘው የዊስታር ተቋም ባልደረቦች ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ይህን እምነት ገለበጡት። ከሰው ጽንስ የተገኙ ሕዋሳት ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ቁጥራቸውን እጥፍ ካደረጉ በኋላ መከፈል ያቆማሉ። አይሞቱም፤ ይቆማሉ።

ከሙከራዎቻቸው አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ ያሳያልና። ሄይፍሊክ ብዙ ጊዜ የተከፈሉ የወንድ ሕዋሳትን ገና ጥቂት ከተከፈሉ የሴት ሕዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። ለብቻቸው የተቀመጡት የወንድ ሕዋሳት መከፈል ሲያቆሙ የተቀላቀለውን ዕቃ መረመሩ። በውስጡ በመከፈል ላይ የነበሩት የሴቶቹ ብቻ ሆነው ተገኙ። ምግቡ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፣ ዕቃው አንድ ነው። ጥፋቱ የምግቡ ወይም የቫይረስ ብክለት ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በቆሙ ነበር። ሕዋሳቱ በበረዶ ተይዘው ከቆዩ በኋላ ሲቀልጡም ካቆሙበት ቀጥለው የቀራቸውን ያህል ብቻ ይከፈላሉ። ስለዚህ ቆጠራው የሚካሄደው በሕዋሱ ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም ያለፈው ጊዜ ሳይሆን የመከፈሉ ብዛት ነው።

ቆጣሪው ምንድን ነው? መልሱን በሐሳብ ደረጃ ቀድመው ያገኙት ሩሲያዊው አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ ናቸው። በሞስኮ ስለ ሄይፍሊክ ግኝት የተሰጠ ንግግር ሰምተው ሲመለሱ፣ በሜትሮ ጣቢያ ቆመው የሚመጣውን ባቡር እያዩ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሐዲዱ ዲኤንኤው ነው፤ ባቡሩ ዲኤንኤውን እየሄደ የሚገለብጠው ኢንዛይም ነው። ባቡሩ የቆመበትን የሐዲድ ጫፍ ራሱ ባቡሩ ይዞታል፤ እዚያ ያለው ሊገለበጥ አይችልም። በእርግጥም ኢንዛይሙ ከባዶ አይጀምርም፤ የሚነሳበት አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ያስፈልገዋል። ቁራጩ በኋላ ይነሳል፤ በመሐል ያለው ክፍተት ይሞላል፤ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ክፍተት ግን የሚሞላው የለም። ኦሎቭኒኮቭ በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ እያንዳንዱ መከፈል ከጫፉ ጥቂት እንደሚያስቀር፣ ሕዋሱ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ገመቱ። ጄምስ ዋትሰንም ሳይዘገዩ በ1972 የጫፍ መገልበጥን ችግር ለብቻቸው ጠቁመዋል።

ዛሬ መጠኑን እናውቃለን። በቤተ ሙከራ የሚያድግ የሰው ሕዋስ በአንድ መከፈል ከ50 እስከ 200 የሚደርሱ ፊደላት ከቴሎሜሩ ያጣል። ስንወለድ የነጭ የደም ሕዋሳት ቴሎሜር በአማካይ 10,000 ፊደላት ገደማ ይረዝማል፤ በልጅነት ፈጠን ብሎ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከ20 እስከ 40 ፊደላት እየቀነሰ ይሄዳል። በሁለት እኩያሞች መካከል ግን በሺዎች ፊደላት የሚቆጠር ልዩነት ሊኖር ይችላል። ይህን ልዩነት በአእምሯችሁ ያዙት፤ ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል።

ሁሉም ሕዋስ እያጠረ ቢሄድ ኖሮ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ክሮሞሶም ከትውልድ ወደ ትውልድ እያለቀ በሄደ ነበር። የጎደለውን የሚሞላ ነገር መኖር አለበት። ይህን ፍለጋ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከብላክበርን ጋር የጀመሩት በወቅቱ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ካሮል ግሬደር ናቸው። የቴትራሂሜናን ሕዋስ ጭማቂ ወስደው በቤተ ሙከራ ከተሠራ የቴሎሜር ቁራጭና ጨረር ከሚያወጡ ፊደላት ጋር በመቀላቀል፣ ቁራጩ ይረዝም እንደሆነ ይከታተሉ ነበር። በ1984 የገና ዕለት ወደ ቤተ ሙከራ ገብተው ፊልሙን ሲያጥቡ፣ በየስድስት ፊደላት ርቀት የተደረደሩ ጥቁር መስመሮች ከታች እስከ ላይ ታዩ። አንድ ኢንዛይም በጫፉ ላይ ስድስት ስድስት ፊደል እየጨመረ ነበር። ቴሎሜሬዝ ተባለ። የሚጨምረውን የሚገለብጥበትን አጭር አርኤንኤ በሆዱ ይዞ የሚዞር ኢንዛይም ነው። ብላክበርን፣ ግሬደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 ለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአዋቂ ሰው ውስጥ ቴሎሜሬዝ የሚሠራው በጥቂት ቦታ ነው፤ በዘር ሕዋሳት፣ በመጠኑም ቆዳን፣ አንጀትንና ደምን በሚያድሱ ግንደ ሕዋሳት፣ እንዲሁም ኢንፌክሽን ለመዋጋት በሚነቁ ነጭ የደም ሕዋሳት። በአብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ግን የኢንዛይሙ ዋና ጂን ተዘግቷል። በ1998 ተመራማሪዎች ይህን ጂን በተራ የሰው ሕዋሳት ውስጥ ሲከፍቱት ሕዋሳቱ የሄይፍሊክን ገደብ አልፈው መከፈላቸውን ቀጠሉ። ቆጣሪው ቴሎሜር መሆኑ ከዚያ ወዲህ አላከራከረም።

እንግዲህ ቴሎሜር ሲያልቅ ምን ይሆናል? ወሳኙ አማካይ ርዝመቱ ሳይሆን እጅግ ያጠሩት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህ የሼልተሪንን ሽፋን መያዝ ሲያቅታቸው ሕዋሱ እንደ ስብራት ያያቸዋል፤ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ይነቃና መከፈልን ያስቆማል። አንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ያጠፋል። ሌላው ሳይከፈል ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ በተቀመጠበትም ዙሪያውን የሚያስቆጡ፣ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች ይለቃል። እንዲህ ያሉ ሕዋሳት በዕድሜ የገፋ ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ቁስልን ለማዳን፣ ደምን ለማደስ የሚከፈል ሕዋስ ደግሞ ያንሳል።

ይህ በርግጥም የእርጅና አንድ ክፍል ነው። ግን አንድ ክፍል ብቻ። የአንጎል ነርቮችና የልብ ጡንቻ ሕዋሳት በአዋቂነት እምብዛም አይከፈሉም፤ ቢሆንም ያረጃሉ። የቤተ ሙከራ አይጥ ቴሎሜር ከሰው ቴሎሜር በብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ዕድሜዋ ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት አያልፍም። የቴሎሜር ርዝመት የዕድሜ ልክ ቢሆን ኖሮ አይጥ ከሰው በላይ በኖረች ነበር።

የቴሎሜር ማጠር በራሱ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የሚታየው በእርጅና ሳይሆን በውርስ በሚመጣ ሕመም ላይ ነው። የቴሎሜሬዝ ጂን ጉድለት ያለባቸው ቤተሰቦች አሉ። አያት ያለ ዕድሜው ይሸብታል፤ በስድሳዎቹ ሳንባው በጠባሳ እየደደረ መተንፈስ ይከለክለዋል። ልጁ በሠላሳዎቹ ወይም በአርባዎቹ የመቅኒ ድክመት ይይዘዋል፤ ደሙ ይሳሳል። የልጅ ልጁ ደግሞ ገና በልጅነቱ ጥፍሩ ይበላሻል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ አፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን ይወጣል፣ መቅኒው ደም ማምረት ያቆማል። ጉድለቱ ያው አንድ ነው፤ እየተለዋወጠ የመጣው የሚወረሰው ቴሎሜር ከትውልድ ወደ ትውልድ አጥሮ መነሳቱ ነው። ሦስቱን ሰዎች ሦስት ሐኪሞች ለየብቻ ቢያዩአቸው ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ይመስሏቸዋል። ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የሕመማቸውን ስም ሳያውቁ የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ ካንሰር እንምጣ። ካንሰር ከአንድ ሕዋስ ይነሳል። አንድ ሴንቲሜትር የሚያህል ዕጢ እስከ አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት ሊይዝ ይችላል፤ ከአንድ ሕዋስ ተነስቶ ቢሊዮን ለመድረስ 30 ጊዜ እጥፍ መሆን ይበቃል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በሰውነት ውስጥ ግን በመንገዱ ላይ እጅግ ብዙዎቹ ስለሚሞቱ የሚያስፈልገው መከፈል ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በዚህ መሐል ቴሎሜሩ ያልቃል። ስንት ሊሆን የሚችል ካንሰር ማንም ሳያውቀው በዚህ ደረጃ ላይ እንደቆመ ማሰብ ያስደንቃል፤ የቴሎሜሬዝ ጂን በአብዛኛው ሰውነታችን ውስጥ መዘጋቱም ከዚህ አንጻር ሲታይ ጉድለት አይደለም።

ፒ53 የተበላሸበት ሕዋስ ግን አቁም የሚለውን ምልክት አይሰማም። ቴሎሜሩ ካለቀም በኋላ መከፈሉን ይቀጥላል። ያኔ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ያዩት ነገር በሰው ሕዋስ ውስጥ ይደርሳል፦ ክሮሞሶሞች ይጣበቃሉ፣ ይቀደዳሉ፣ ቁርጥራጮቹ ያለ ቦታቸው ይገባሉ። ተመራማሪዎች ይህን ደረጃ ቀውስ ይሉታል። አብዛኞቹ ሕዋሳት በቀውሱ ይሞታሉ። ከሚሊዮኖች አንዱ ግን በዚህ ትርምስ መሐል የተዘጋውን የቴሎሜሬዝ ጂን ይከፍትና ያመልጣል። ያመለጠውም ከቀውሱ በፊት እንደነበረው አይደለም፤ ክሮሞሶሞቹ ተበጣጥሰው እንደገና የተገጣጠሙ፣ ብዙ አዳዲስ ጉዳት የተሸከመ ነው። ስለዚህ የቴሎሜር ማጠር ፒ53 ባለበት ሕዋስ ካንሰርን ያስቆማል፤ በሌለበት ሕዋስ ደግሞ ካንሰሩን የባሰ ያደርገዋል። ይህን አንድ ነጥብ የተረዳ ሰው የጉዳዩን ከባድ ክፍል ጨርሷል።

ከካንሰሮች ከ85 እስከ 90 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ቴሎሜሬዝ ይሠራል። ሄንሪዬታ ላክስ የተባሉት እናት በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር ሲታመሙ ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱት ሕዋሳት እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራዎች የሚከፈሉት ቴሎሜሬዝ ስላላቸው ነው፤ ኢንዛይሙ በሰው ሕዋስ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘውም በ1989 በእነዚሁ ሕዋሳት ነው። የተዘጋው ጂን እንዴት እንደሚከፈት ለብዙ ዓመታት ግልጽ አልነበረም። በ2013 ከምላሾቹ አንዱ ተገኘ፦ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ውስጥ ጂኑን በሚያዝዘው ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል ብቻ ተቀይሯል። ይኸው የአንድ ፊደል ለውጥ በአንጎል፣ በፊኛና በጉበት ካንሰሮችም በብዛት ታየ። የቀሩት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ካንሰሮች ያለ ቴሎሜሬዝ ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ የአንዱን ክሮሞሶም ቴሎሜር አብነት አድርገው የሌላውን ያረዝማሉ።

ረጅም ቴሎሜር ይዞ መወለድስ? ለረጅም ጊዜ መልካም ዕድል ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ከሼልተሪን ፕሮቲኖች አንዱ የሆነውን ፖት1ን የሚያዛባ ጉድለት የወረሱ ሰዎች ቴሎሜራቸው እጅግ ረጅም ነው። በ2023 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እነዚህ ሰዎች ካንሰር የሆኑም ያልሆኑም ዕጢዎች እንደሚበዙባቸው፣ በደማቸው ውስጥም ጉዳት ያለባቸው ሕዋሳት ያለ ልክ እንደሚባዙ አሳየ። በአጠቃላይ ሕዝብ ላይ በተደረጉ የጂን ጥናቶችም ረጅም ቴሎሜር በውርስ ያገኙ ሰዎች ለብዙ ዓይነት ካንሰሮች ይበልጥ ሲጋለጡ፣ ለልብ የደም ሥር ሕመም ግን ያነሰ ይጋለጣሉ። በአንድ በኩል የምናተርፈውን በሌላ በኩል እንከፍላለን።

ከእንስሳት ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ይነበባል። ቬራ ጎርቡኖቫና አንድሬ ሴሉአኖቭ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተለያዩ ዘራይጦችን (የአይጥ ዘመድ የሆኑ እንስሳትን) ሲያወዳድሩ፣ ትንንሾቹ በሰውነታቸው ቴሎሜሬዝ ሲሠራ፣ ቢቨርና ካፒባራን የመሳሰሉት ትልልቆቹ ግን እንደ ሰው ዘግተውት አገኙ። ሰውነት በገዘፈ መጠን ሕዋሱ ይበዛል፤ ካንሰር ሊነሳ የሚችልበት ዕድልም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ቴሎሜር ያረዝማሉ ተብለው ስለሚሸጡት እንክብሎች የሚባለው ግልጽ ነው። የጤነኛን ሰው ዕድሜ እንደሚያስረዝሙ የተረጋገጠ የለም። የሚሉትን በእርግጥ ቢያደርጉ ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ ተደብቆ የቆመን ሕዋስ እንደገና ሊያስነሱ ይችላሉ። ቴሎሜርን ለክተን የሰውነትዎን እውነተኛ ዕድሜ እንነግርዎታለን የሚሉ ምርመራዎችም ብዙ አይጠቅሙም። በእኩያሞች መካከል ያለው ተፈጥሯዊ ልዩነት በሺዎች ፊደላት ሆኖ ሳለ፣ በዓመት 20 ወይም 40 ፊደል በሚቀንስ ነገር ዕድሜን መናገር አይቻልም። በ2004 ኤሊሳ ኤፔልና ብላክበርን ጽኑ ሕመም ያለባቸውን ልጆች የሚያስታምሙ እናቶችን አጥንተው ጭንቀቱ ባየለ መጠን ቴሎሜሩ አጥሮ እንዳገኙ ይታወቃል፤ ማጨስም እንዲሁ ከአጭር ቴሎሜር ጋር አብሮ ይገኛል። ሆኖም አብሮ መገኘት ምክንያት መሆን አይደለም፤ ማጨስን ለማቆም ደግሞ ሳንባና ልብ ብቻ ከበቂ በላይ ምክንያት ናቸው።

ሕክምናው ያለው በሌላ አቅጣጫ ነው። በካንሰር በኩል ቴሎሜሬዝን መዝጋት ለዓመታት ተሞክሯል። ችግሩ መድኃኒቱ ዛሬ ቢሰጥም ካንሰሩ ቴሎሜሩን እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ጊዜ መከፈሉ ነው። ኢሜቴልስታት የተባለው፣ በቴሎሜሬዝ አርኤንኤ ላይ ተጣብቆ ሥራውን የሚያግድ መድኃኒት በሰኔ 2024 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። የተፈቀደው ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም የተባለ የመቅኒ ሕመም ኖሮባቸው በየጊዜው ደም መውሰድ ግድ ለሆነባቸው አዋቂዎች ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳትንና ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሌትሌት ስለሚያሳንስ ታማሚው በቅርብ ክትትል ይወስደዋል።

የቴሎሜር ልኬት ሕይወት የሚያድነው በእነዚያ የውርስ ጉድለት ባለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ የመቅኒ ድክመት ወይም የሳንባ መደደር ያለበት ሰው፣ በተለይ ዘመዶቹ ተመሳሳይ ሕመም ካላቸው ወይም ገና በወጣትነታቸው ከሸበቱ፣ የነጭ የደም ሕዋሳቱ ቴሎሜር ይለካለታል። ውጤቱ ከእኩያሞቹ ሁሉ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ የሕክምናው መንገድ ይለወጣል። መቅኒ ከመተካቱ በፊት የሚሰጠው ኃይለኛ ኬሚካልና ጨረር ሳንባውንና ጉበቱን ሊያጠፋው ስለሚችል መጠኑ ይቀነስለታል። መቅኒ ሊሰጥ የቀረበው ወንድሙ ወይም እህቱም፣ ምንም ያህል ጤነኛ ቢመስሉ፣ ያንኑ ጉድለት ይዘው እንደሆነ አስቀድመው ይመረመራሉ።